«ባለቤቴ ቤዝመንት ገብቶ ቀረ»

«ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 69። ዋሽንግተን ውስጥ 24 ዓመት ታክሲ ነድቶ የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ወጣ። እኔም ዓምና ሥራ አቆምኩ። ልጆቻችን ወጥተዋል። ‹አሁንስ አብረን ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን› ብዬ ነበር። እሱ ግን ቤዝመንት ገብቶ ቀረ። ትንንሽ ባቡር ይሠራል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ አባቱ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይወርዳል፣ ስድስት ሰዓት ለምሳ ይወጣል፣ ትንሽ ይተኛል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ ይወርዳል። በቅርቡ አንድ ባቡር አመጣ። ካርቶኑ ላይ የስዊዘርላንድ ተራራ አለ። ‹ስንት ነው?› ስለው ‹40 ዶላር› አለኝ። በኋላ መኪናው ወንበር ሥር ደረሰኝ አገኘሁ። 300 ዶላር! ባለፈው ደግሞ ቤት ሳጸዳ በካርቶን የተጠራቀመ ጭራሮና ደረቅ ሣር አግኝቼ ጣልኩ። ለካስ ዛፍ ሊያደርገው ኖሯል። አራት ቀን ዘጋኝ። የቡናዬን አተላ እንኳን ‹አትድፊው› እያለ በፌስታል ይወስዳል። ጓደኛዬ ‹ሌላ ሴት ቢይዝ ይሻልሽ ነበር› አለችኝ። ሰውዬው ጃጅቶ ነው ወይስ እኔን ጠልቶኝ? ስሜ ይቆይ።»

እህቴ፣ ከጓደኛዎ ልጀምር። አይስሟት። ሌላ ሴት የያዘ ባል የሚስቱን የቡና አተላ ሲለምን እስካሁን አልሰማሁም።

ጃጅተውም አይመስለኝም። በትንንሽ ባቡር ሥራ በብዛት የሚሠራበት መጠን 1 ለ 87 ነው፣ እውነተኛው ለ87 ተካፍሎ ማለት ነው። አንድ ሜትር ከሰባ ቁመት ያለው ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚህ መጠን በየሱቁ የሚሸጠው ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የጅቡቲ-አዲስ አበባ የድሮው ሐዲድ ግን ጠባብ ነበር፣ አንድ ሜትር ብቻ። እሱ በልኩ ሲያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ከሚወጡት ባቡሮችም የብዙዎቹ ሐዲድ ያው አንድ ሜትር ነው፣ ሞዴላቸውም ይሸጣል። የካርቶኑ ነገር እዚህ ላይ ገባኝ። ሰውዬው የድሬን ባቡር ፈልገው ሱቅ ውስጥ ሲያጡት በስፋት የሚመስለውን ገዙ ማለት ነው። ልሳሳት እችላለሁ፣ ይጠይቋቸው። ትክክል ከሆንኩ ግን ይህ የጃጀ ሰው ሥራ አይደለም።

አሁን ሰዓታቸውን ልብ ይበሉ። ሦስት ሰዓት መውረድ፣ ስድስት ሰዓት ምሳ፣ ትንሽ እንቅልፍ፣ ዘጠኝ ሰዓት መመለስ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሥራ አያሠራም፣ ሰው ይተኛና ሲበርድ ይመለሳል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ያውም ቤዝመንት ውስጥ፣ ምን ሙቀት አለ? ባለቤትዎ ሥራ የሚገቡ ይመስለኛል። ምናልባትም በአባታቸው ሰዓት።

ሃያ አራት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ቀኑን የሚቀርጽለት ሌላ ነው። ተሳፋሪው፣ ኤርፖርቱ፣ የኪራዩ ቀን። ጡረታ ሲወጣ ያ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይጠፋል። ብዙ ወንዶች የዚያን ጊዜ ሶፋ ላይ ይወድቃሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላሉ፣ ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት አከታተፍ ያርማሉ። ጃፓኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ጡረተኛ ባል «እርጥብ የረገፈ ቅጠል» የሚል ቅጽል አላቸው። ቢጠርጉት አይለቅም። እርስዎ የገጠመዎት ተቃራኒው ነው፣ ጭራሽ የማይጠጋ ቅጠል። ብቸኝነትዎን ግን አላቃልልም። ከእሳቸው ጡረታ ጋር አብሮነትን ጠብቀው ነበር፣ ማንም ግን ቁጭ ብሎ «ቀኑን እንዴት እናድርገው?» አላለም። እሳቸው ለራሳቸው ቀን ሠሩ። የእርስዎ ቀን ገና አልተሠራም።

ስለ ድሬ ትንሽ ልበል፣ አለዚያ ቤዝመንቱ አይገባዎትም። የባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚያ ደረሰ። ሐረር ለመውጣት ተራራው አስቸገረ፣ ባቡሩ ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማዋም በባቡሩ ዙሪያ አደገች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የጋራዥ ሠራተኛ ልጅ ከዶሮ ጩኸት ይልቅ በባቡር ጡሩምባ ይነቃል። ዛሬ ያ ባቡር እንደ ድሮው አዲስ አበባንና ጅቡቲን አያገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ «ከናፈቀው ለምን ሄዶ አያይም?» ቢሉ፣ የናፈቁትን አሁን ቢሄዱም እንደ ድሮው አያገኙትም።

ሌላም ነገር አለ። የድሮው መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል እንኳን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቤዝመንትዎ አይችለውም። ስለዚህ እሳቸው የግድ ይመርጣሉ። በመስመሩ ላይ ካሉት ከተሞች አዋሽን ትተው ሽንሌን? ጣቢያውን ወይስ የአባታቸውን ጋራዥ? ዋጋውን ጠይቀዋል፣ ስለመረጡት ነገር ግን ጠይቀው ያውቃሉ? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት አንድም ቀን ወርደው አላዩትም።

አሁን ደረሰኙ። እዚህ ላይ ለባለቤትዎ አልወግንም። 300 ዶላሩን 40 ማለት ውሸት ነው። በጋራ ጡረታ በሚኖር ቤት ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ውሸቱ ነው ቤት የሚያናጋው። አራት ቀን መዝጋትም ቅጣት ነው፣ ለትልቅ ሰው አይመጥንም። ግን ለምን ዋሹ? እውነቱን ቢናገሩ «ለመጫወቻ!» ተብሎ እንደሚሳቅባቸው ያውቃሉ። ጓደኛዎ እየሳቀች ነው፣ እሳቸውም ሳይሰሙ አይቀሩም። የምመክረው ይህን ነው፦ በወር የተወሰነ ገንዘብ ይለዩላቸው፣ 80 ዶላር ይሁን 100፣ አቅማችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። በዚያ ገንዘብ ምን እንደገዙ አይጠየቁም። ከዚያ የሚያልፈውን ግን ሳይማከሩ አይገዙም። ለእርስዎም ተመሳሳይ ድርሻ ይኑር። ይህን በጸብ መሐል አይጀምሩት፣ ከምሳ በኋላ ይሁን። ከእንቅልፋቸው በፊት።

ስለ ጭራሮው ደግሞ እርስዎ ይቅርታ ይጠይቁ። አውቀው እንዳላደረጉት ይገባኛል። ግን እያንዳንዷን ቅርንጫፍ መርጦ ለሰበሰበ ሰው ያ ቆሻሻ አልነበረም። «ዛፍ መሆኑን አላወቅሁም» ይበቃል። «አንተም እኮ…» ብለው አይቀጥሉ።

መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ። ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ከቀሩ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ወይም ወርደው ምንም ሳይሠሩ የሚቀመጡ ከሆነ ሐኪም ያሳዩ። በጻፉልኝ ውስጥ ግን ይህ የለም።

የቡናውን አተላ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን አጥንቶ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመለከታቸው። አብረው የቆዩት አንዱ ለሌላው የሚሰነዝረውን ትንሽ ጥሪ፣ «ይቺን ወፍ እያት» ዓይነቱን፣ ከ100 ጊዜ 86ቱን መልሰዋል። የተፋቱት 33ቱን ብቻ። የእናንተ ቤት ጥሪ «አትድፊው» የምትለዋ ትመስለኛለች። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች የቡና አተላ አድርቀው፣ በሙጫ ለጥፈው አፈር ያደርጉታል። ይኸው ነው። በፌስታል የሚሄደው የድሬ መሬት ሊሆን ነው። ከእርስዎ ጀበና።

በሚመጣው እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ረከቦቱን ይዘው ይውረዱ። ከሰሉን ፎቅ ላይ ይተዉት፣ ቤዝመንት ውስጥ ከሰል አይነድም፣ ያፍናል። ጀበናው ፈልቶ ይውረድ። አንዱን ቤት በጣት ያሳዩና «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሱ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ቡናው እስከ በረካ ይድረስ። አተላውን እዚያው ይተዉላቸው።