በኤልኤስዲ ስም የተሸጠ ወረቀት፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ እና «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ግሪን ካርድ አለው። እሱና ጓደኛው ኤልኤስዲ (የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ) ነው ተብሎ የተሸጠላቸውን ቁራጭ ወረቀት ምላሳቸው ላይ አድርገው ጓደኛው ራሱን ስቶ ሲንፈራገጥ ልጄ 911 ደወለ። የመጣው ፖሊስ ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት አግኝቶ ተከሰሰ። አሁን «ጥፋተኛ ነኝ በልና ኮርስ ውሰድ፣ ክሱ ይዘጋል» ተብሏል። ለገና አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ቆርጠናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ክብርት እናት፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ልጅዎ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያነጋግር ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው የታዘዘውን ከፈጸመ ክሱ የሚዘጋበት ሥርዓት እንዳለው እውነት ነው፤ ለአሜሪካ ዜጋ መልካም ዕድል ነው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የሚመለከተው ክሱ በመጨረሻ መዘጋቱን ሳይሆን፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ማመኑንና ፍርድ ቤቱ ቅጣት ወይም ነፃነቱን የሚገድብ ግዴታ መጣሉን ስለሆነ፣ በቨርጂኒያ መዝገብ «ተዘግቷል» የተባለው ጉዳይ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንደ ጥፋተኝነት ፍርድ ይቆጠራል። በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት ባለ ግሪን ካርድ ደግሞ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ሕጉ የሚያልፈው ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋናን ብቻ፣ ያውም አንድ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ተከላካይ ጠበቃ ይህን መዘዝ ለደንበኛው የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ስለወሰነ፣ ጥያቄውን ለልጅዎ ጠበቃ በጽሑፍ ያቅርቡለት።

ከደብዳቤዎ ትልቁን ተስፋ ያገኘሁት ልጅዎ 911 በመደወሉ ላይ ነው። ጓደኛውን ጥሎ ባለመሸሹ ሊኮሩበት ይገባል። የቨርጂኒያ ሕግ ከመጠን በላይ ዕፅ ወስዶ ለተጎዳ ሰው በቅን ልቦና ድንገተኛ የሕክምና እርዳታ የጠራን ሰው፣ ፖሊስ እስኪደርስ እዚያው ከቆየና ማንነቱን ከተናገረ፣ ማስረጃውም የተገኘው በዚያ ጥሪ ምክንያት ከሆነ፣ ዕፅ ይዞ በመገኘት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጠበቃው ስለ ኮርሱ ከመነጋገሩ በፊት የ911 የድምፅ ቅጂ ይጠይቅ፤ ይህ መከላከያ እያለ የእምነት ቃል መስጠት በእኔ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው። ጥበቃው ግን ዕፅ ማከፋፈልን አይሸፍንም፤ ያለ ክፍያ ለጓደኛ መስጠትም እንደ ማከፋፈል ሊያስከስስ ይችላል። ወረቀቱ ከማን እጅ እንደመጣ ልጅዎ ከጠበቃው በቀር ለማንም፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ አያውራ።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረም መታወቅ አለበት። እንዲህ ያለ መንፈራገጥ ሲታይ ከምጠረጥራቸው አንዱ 25አይ-ኤንቦም የተባለው ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ነው፤ ለምርምር ተብሎ በ2003 በርሊን ውስጥ ከተሠራ በኋላ በኤልኤስዲ ስም ገበያ ገብቷል። በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ተቀባዮች እጅግ በኃይል ስለሚቀሰቅስ ከአንድ ሚሊግራም በታች የሆነ መጠን የሌለ ነገር ያሳያል፤ በወረቀቱ ላይ እኩል ስለማይዳረስም አንዱ ወጣት ምንም ሳይሆን ሌላው ሊሞት ይችላል። የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሰውነት ይግላል፣ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ኩላሊት ይደክማል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪሞች የሚያክሙት ምልክቶቹን ነው። የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከመጋቢት 2012 እስከ ኅዳር 2013 ባለው ጊዜ ብቻ ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው ቢያንስ 19 ሰዎች ከዚህ የዕፅ ቤተሰብ ጋር በተያያዘ መሞታቸውን አስታውቋል። በኅዳር 2013 በጊዜያዊነት፣ በ2016 ደግሞ በቋሚነት ከተከለከሉት ዕፆች የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ስለገባ፣ ሻጮች «ሕጋዊ ነው» የሚሉት ሐሰት ነው።

የላቦራቶሪው ውጤት ለመባረር ጉዳይም ወሳኝ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በመሉሊ ጉዳይ እንደወሰነው፣ መንግሥት ሰውን በዕፅ ለማባረር ፍርዱ በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ጋር መያያዙን ማሳየት አለበት። ኤልኤስዲም ኤንቦምም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ሠሪዎቹ ግን ውህዱን በየጊዜው ስለሚለዋውጡት ሌላ ነገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውጤቱ ሳይመጣ ስምምነት አይፈረምም።

አንድ ነገር አልጻፉልኝም፤ እርስዎ ወይም አባቱ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳችኋል? ልጅዎ 18 ዓመት ሳይሞላው ወስዳችሁ ከሆነና እሱም ያን ጊዜ በግሪን ካርድ፣ በሕግም በአካልም ዜግነት በወሰደው ወላጅ ዘንድ ይኖር ከነበረ፣ ማመልከቻ ባያስገባም በሕግ ኃይል ዜጋ ሆኗል፤ ዜጋ ደግሞ አይባረርም። የዜግነት ወረቀታችሁን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ።

ዜጋ ካልሆነ ለገና አዲስ አበባ አይሂድ። ባለ ግሪን ካርድ የዕፅ ወንጀል ፈጽሞ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል፤ ሳይፈረድበትም በኤርፖርት ለመኮንኑ ድርጊቱን ማመኑ ብቻ እንዳይገባ ሊያደርገው ይችላል። ዜጋ ቢሆንም በዋስ ከተለቀቀ ከግዛቱ ለመውጣት የፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ የእሱን ትኬት አሁኑኑ ያራዝሙ።