ስለ ጌጋርድ ገዳም ጠይቁኝ

ጌጋርድ ከአርመን ዋና ከተማ ከየሬቫን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዛት ወንዝ ሸለቆ፣ ገደል ሥር ያለ ገዳም ነው። ብዙ ዓመት ስለሱ ሳነብ ኖሬአለሁ። በልባችሁ ያለውን ጠይቁኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስሙ ምን ማለት ነው?
መልስ፦ ጦር ማለት ነው። ለንጊኖስ የጌታችንን ጎን የወጋበት ጦር ለዘመናት እዚህ ተቀምጦ ነበር ይላሉ። ያመጣላቸውም ሐዋርያው ታዴዎስ ነው ብለው ያምናሉ። ጦሩ ዛሬ የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ባለበት በኤችሚያድዚን ነው። የገዳሙ የድሮ ስም ግን አይሪቫንክ ነበር፤ የዋሻ ገዳም እንደ ማለት።

ጥያቄ፦ ማን መሠረተው?
መልስ፦ በትውፊት ቅዱስ ጎርጎርዮስ፣ እኛ ጎርጎርዮስ ዘአርማንያ የምንለው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን። በ923 አረቦች አወደሙት። ዋናው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ1215 ነው።

ጥያቄ፦ እውነት እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ነው?
መልስ፦ በከፊል። ዋናው በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ከጎኑ ያሉት ግን ተራራው ውስጥ ተቦርቡረው የወጡ ናቸው። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያውን የምትዞረው ሕንፃ አይደለም፤ ውጪ የለውም፣ ሁሉም ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በ1240ዎቹ የፈለፈለው ጋልድዛክ የሚባል ባለሙያ ነው። በኋላ ገዳሙን በገንዘብ የገዛው መስፍን ፕሮሽ በ1283 ሌላ ቤተ መቅደስና የቤተሰቡን መቃብር አስፈለፈለ። ግድግዳው ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት አንበሶችና በግ የያዘ ንስር አሉ። አምዱም፣ ጣሪያውም፣ ጌጡም አንድ አለት ነው። አንድ መዶሻ ቢስት መጠገኛ የለውም! ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ላሊበላን አርመኖች ናቸው የሠሩት?
መልስ፦ አይደለም። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። ከላይ ያልኳቸው የጌጋርድ ፍልፍሎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ደግሞም የኛ ሰዎች በትግራይ ተራሮች አለት መፈልፈል የራሳቸው ሙያ ነበር። ሁለቱም ሕዝብ በየራሱ እጅ ነው የሠራው። ለማንም አሳልፈን አንስጠው።

ጥያቄ፦ እምነታቸውስ?
መልስ፦ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። ክርስቶስን ሁለት ባሕርይ ያለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ እንደኛው አልተቀበሉም። በ1965 አዲስ አበባ ላይ አባቶቻችን አብረው ተሰብስበዋል። ግን እንደኛ ጫማ አውልቀው አይገቡም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ እሄዳለሁ፤ ምን እንዳያመልጠኝ?
መልስ፦ በ1288 የተፈለፈለው የላይኛው ክፍል። መዘምራን ካገኘህ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ድምፁ አለቱ ውስጥ ይቆያል፣ ቶሎ አይጠፋም። የመጀመሪያው ዋሻ ውስጥ ምንጭ አለ፤ ሰዉ እንደ ጸበል ይቀዳዋል። አንተም ጎንበስ ብለህ ጠጣ። ስትወጣ በር ላይ ጋታ የሚባል ክብ ጣፋጭ ዳቦ የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ ትኩሱን ግዛ።