ኮምፒውተሩን ይዘሽ ወደ ብራናው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ደርሰሻል፤ ልብሽ ግን ጠፍተው የተገኙ ጥንታዊ መጻሕፍት ላይ ነው። «አቋርጬ ታሪክ ልጀምር ወይ?» ብለሻል። እኔ አታቋርጪ ባይ ነኝ።

ፖጆ ብራቾሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር፤ የሮማው ጳጳስ ጸሐፊ። እ.ኤ.አ. በ1415 ጳጳሱ ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ሥራ ፈታ። ያን ባዶ ጊዜ ገዳማትን እየዞረ አሮጌ መጻሕፍት ሲያስስበት ከረመ። በ1417 የሮማዊውን የሉክሬቲየስን ግጥም አገኘ። ዓለም የተሠራው ከአቶም ነው የሚለው ጥንታዊ ሐሳብ በዚያ ግጥም በኩል እንደገና የአውሮፓ ሊቃውንት መከራከሪያ ሆነ። ፖጆን ለዚህ ያበቃው ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም። ላቲን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እጅ ጽሑፉም ያማረ ነበር። ሙያ ነበረው።

የአንቺ ሙያ ደግሞ የት እንደሚገባ ልንገርሽ። የጥንታዊው ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የአርኪሜድስ ሥራዎች የተገለበጡበት አንድ ብራና አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፉ ተፍቆ ጸሎት ተጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ1906 ሃይበርግ የተባለ ዴንማርካዊ ሊቅ ከጸሎቱ ሥር የደበዘዘውን ግሪክኛ አነበበ፤ ዐይኑ ያልደረሰበት ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ብራናው በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠና ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ዓመታት የፈጀ ሥራ ተጀመረ። ገጾቹን በተለያየ ብርሃን እያበሩ ፎቶ አነሡ። ምስሎቹን በኮምፒውተር አዳምረው የታችኛውን ጽሑፍ ከላይኛው ለዩ። በኋላ ዘመን ሥዕል የተቀባባቸውን ገጾች ደግሞ በኤክስሬይ አዩ፤ ጽሑፉ የተጻፈበት ቀለም ውስጥ ያለውን ብረት ተከትለው ፊደሎቹን አወጡ። ከግሪክኛ ምሁራኑ ጎን ምስል አቀናባሪዎች፣ የፊዚክስ ሰዎችና ብራና ጠጋኞች ነበሩ። ሥዕል የተቀባባቸውን ገጾች ምሁራኑ ብቻቸውን አያነቧቸውም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ዲግሪሽን ጨርሺ። ጎን ለጎን አንድ ጥንታዊ ቋንቋ ያዢ፤ ፊደል ለይተሽ እንዳትቆሚ፣ ዓረፍተ ነገር እስክታነቢ ግፊበት። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን የደበዘዘ ጽሑፍ ማጥራት ላይ አድርጊው። የዚያ ብራና ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ተለቅቀዋል፤ አውርጂና ሞክሪ። አልደብቅሽም፣ በዚህ ዘርፍ ቋሚ ሥራ ጥቂት ነው፤ ብዙው ለፕሮጀክት የሚቀጠሩበት ነው። ምስል ማቀናበር ግን ሕክምና ላይም ካርታ ሥራ ላይም ይፈለጋል፤ ቤተሰቦችሽን ይህን ንገሪያቸው።

መጀመሪያ ያጠራሻትን ገጽ፣ ከመጥራቷ በፊትና በኋላ፣ ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ። ሲቪሽን ከእሷ ጀምረን እንጽፋለን።