ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መድረኩን ማን ይጠራዋል?

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ላንሳው። እህታችን የጻፈችው ከሐረር ነው። የውሃና የንጽሕና ጉዳይ የሚያማክር መድረክ አላቸው። ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ እድርና አፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረር አካባቢ የመረዳጃ ማኅበር)፣ ነጋዴዎች፣ ወጣቶች አሉበት። ወጪውን የሚሸፍነው ፕሮጀክት ሰኔ ላይ ይዘጋል። የመውጫ ስትራቴጂው «መድረኩ በአባላት መዋጮ ይቀጥላል» ይላል። እውነት ይቀጥላል ወይ፣ ካልቀጠለስ ምን እናድርግ ነው የምትለው።

በመዋጮ አይቀጥልም። ቁርጡን ልንገርሽ። ቢሮ ለእንዲህ ዓይነት መዋጮ የሚከፍልበት የበጀት ርዕስ የለውም። እድርም የቀብር ገንዘብ አውጥቶ ለስብሰባ አይሰጥም፤ ቢሰጥ አባላቱ ዳኛውን አያስቀምጡትም። ያ ዓረፍተ ነገር የገባው ሰነዱ እንዲያልፍ ነው። መድረኩ ግን ያለ መዋጮም ሊቆይ ይችላል። እኔ ድሬዳዋ ላይ፣ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍና የተፋሰሱን ጉዳይ በሚያማክር መድረክ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ፕሮጀክቱ እያለም፣ ከሄደ በኋላም። ያየሁትን ላካፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። መድረካችሁን የወለደው ችግር ነው ወይስ ፕሮጀክት? እኛ ዘንድ መልሱ ግልጽ ነበር። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለብን። ውሃው የወረደው ከደንገጎ ወዲያ ካለው ደጋ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ደጋው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፣ ኦሮሚያ። ከተማው ደግሞ ራሱን የቻለ አስተዳደር። ላይ ያለውን እርከን የሚያሠራው ሌላ፣ ታች ያለውን የወንዝ ግንብ የሚያሠራው ሌላ። ትንበያው የሜትሮሎጂ ነው፣ ሰው ማስነሳቱ የአደጋ ስጋት ቢሮ። ወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚያወጡት ልጆች ደግሞ የማንም አይደሉም። አንዱ ሌላውን ማዘዝ አይችልም። መማከር ግን ይችላል።

የእናንተም ከዚህ አይለይም። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከአስሊሶ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው። ሦስት አስተዳደር ይነካል። ታች መብራት ሲጠፋ ላይ ጀሪካን ይሰለፋል። ስለዚህ ለጋሹ ቢሄድም ምክንያቱ አይሄድም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ መድረክ ይህም የለውም።

አሁን ገንዘቡ ሲቆም ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። መጀመሪያ ኃላፊዎቹ ተወካይ ይልካሉ። ቀጥሎ ተወካዩ ተወካይ ይልካል። ከዚያ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ልጅ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመጣለች፣ ስለምን እንደተሰበሰባችሁ ሳይነገራት። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ጸሐፊ ተስፋ ይቆርጣል። አትቁረጪ። ይልቅ ማን ሳይከፈለው እንደመጣ እይ።

እኛ ያለ አበል ስንሰበሰብ ባነር የለም፣ የታሸገ ውሃ የለም፣ ማራገቢያው እየጮኸ የምንነጋገረውን አያሰማም። የአሸዋ አውጪዎቹ ተወካይ ከሜትሮሎጂው ባለሙያ አጠገብ ተቀመጠ። ባለሙያው የዝናቡን ትንበያ በመቶኛ አስረዳ። የአሸዋ አውጪዎቹ ተወካይ ባለሙያው እስኪጨርስ ጠበቀና «ወንድሜ፣ እሱን ተወውና፣ እኔ ሐምሌ ላይ ልጆቹን ወንዙ ውስጥ ላስገባ ወይስ አላስገባ?» አለው። ክፍሉ ዝም አለ። ባለሙያው እሱን ለመመለስ ሥልጣን የለውም። የአደጋ ስጋቷ ባለሙያ ግን አላት፤ የደጋው መረጃ ነው የሌላት። የደጋው መረጃ ያለው የግብርና ሰው እዚያው ጥግ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ውይይት ፕሮጀክቱ ሆቴል ውስጥ ካደረገልን ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ የሱ ዝርዝር ነው። መድረክን የሚያቆየው ከውጭ ሆኖ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ከመድረኩ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። የክረምቱ ትንበያ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ይወጣል፤ የበልጉ ደግሞ በልግ ሳይገባ። እኛ ትንበያው በወጣ ሰሞን እንገናኛለን፣ በቃ። ሥራችን አንድ ገጽ ወረቀት ማውጣት ነው። የትኛው ቦታ መቼ ይለቀቅ፣ የትኛው ቦይ ይጠረግ፣ ላይ ዝናብ ሲበረታ ማን ለማን ይደውል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፋል። እድሩ፣ አፎቻው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወንዝ ዳር ያሉት ትምህርት ቤቶችና ገበያተኞቹ ይወስዱታል። አንድ ክረምት ዘገየብንና ስልኬ አላርፍ አለ፤ «ወረቀቱ የት ደረሰ?» የሚል ብቻ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።

እናንተ ዘንድ ይህ ምን ሊሆን እንደሚችል አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ብሆን ከውሃ ፈረቃው እጀምራለሁ። የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን፣ ሲቋረጥ ለምን፣ መቼ ይመለሳል። የሐረር ሰው ይህን እንደ ደመወዝ ቀን ነው የሚጠብቀው። የእናንተ መድረክ ይህን አጣርቶ የሚያወጣ ቢሆን ማንም እንዲፈርስ አይፈቅድም። «ግንዛቤ መፍጠር» ላይ ብቻ ከቆማችሁ ግን የሚናፍቃችሁ የለም።

ወጪ ወደሚለው ልምጣ። አዳራሽ በነጻ ይገኛል። ሻይ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ራሱ ይጠጣል። ከገጠር ቀበሌ ለሚመጡት የመኪና ሒሳብ መከፈል አለበት፤ እሱን ማንም ቢሮ ከራሱ ሥራ ማስኬጃ ሊሸፍነው ይችላል። ከተማ ውስጥ ላለ ሰው አበል አትጀምሪ። በነገራችን ላይ አበል የሚጠይቀውን ሰው አልወቅስም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ምን እንደሚያክል ሁላችንም እናውቃለን። ግን አንዴ ከጀመርሽ ማቆሚያ የለውም።

ዋናው ወጪ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚጠራው ሰው ጊዜ። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሚደውል፣ ደግሞ የሚደውል፣ ቃለ ጉባኤ አጽፎ የሚያስፈርም። ፕሮጀክቱ የሚከፍለው ለዚህ ሰው ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። ይህ ሥራ በአንድ ቢሮ ውስጥ በአንድ የሥራ መደብ ዝርዝር ላይ መጻፍ አለበት። «ፎካል ፐርሰን» (ከሌላ ሥራው ጋር ደርቦ የሚይዘው ተጠሪ) ብቻ ከሆነ ሰውየው ሲዛወር ሥራውም አብሮ ይዛወራል። ደብዳቤውም ለመደቡ ይሁን፣ ለሰው ስም አይሁን፤ ሹም ሽር በየጊዜው ነው። ሰብሳቢነቱ ቢዘዋወር ችግር የለውም፣ እንዲያውም ኩርፊያ ይቀንሳል። ጸሐፊነት ግን በፍጹም አይዘዋወር።

ብዙዎች «ዩኒቨርሲቲው ይያዘው» ይላሉ። የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል አላቸው፣ እውነት ነው። ግን ክረምት ሲገባ መምህራኑ ይበተናሉ፤ ጎርፍ የሚመጣው ያኔ ነው። ሰነዱን፣ መረጃውን፣ ጥናቱን እነሱ ጋ አስቀምጪ። ጥሪውን አትስጫቸው።

በጀት ላይ የቀን መቁጠሪያውን ተጠንቀቂ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እቅዱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው። ሰኔ ላይ «ፕሮጀክቱ አለቀ፣ አግዙን» ብትዪ ዓመቱ አምልጦሻል። አሁኑኑ አስገቢ። ስታስገቢም «ለመድረኩ ድጋፍ» ብለሽ አይሁን፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ቢሮው ራሱ በየዓመቱ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ይግባ። የእኛ «የቅድመ ክረምት ዝግጅት» የሚል ርዕስ ስር ነው ያለው። የመድረኩ ስም እቅዱ ላይ የለም፤ ብዙም አላሳሰበኝም።

ማኅበር ሆነን እንመዝገብ ወይ ብለሽ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከቀድሞው 621/2001 ይልቅ ብዙ በር ከፍቷል፣ አልክድም። ግን ምዝገባ ማለት የየዓመቱ ሪፖርት፣ ሒሳብ፣ ቢሮ ማለት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በነጋታው ፕሮፖዛል መጻፍ ትጀምራላችሁ፤ ያኔ የራሳችሁ አባላት ከሆኑ ድርጅቶች ጋር ለአንድ ፈረንካ ትፎካከራላችሁ። ትናንት የሚያማክርሽ ሰው መረጃውን መደበቅ ይጀምራል። እኔ አልመክርም።

የግብርናውን ታሪክ የሚያውቅ ይህን ይረዳኛል። ተመራማሪውን ከገበሬው አማካሪ የሚያገናኝ የምርምርና ኤክስቴንሽን አገናኝ ኮሚቴ ነበር፤ አማካሪ ካውንስል ሆነ፤ ቀጥሎ የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር አማካሪ ካውንስል ተባለ። የፕሮጀክት ገንዘብ ሲኖር ይሞቃል፣ ሲቆም ይቀዘቅዛል። ስም መቀየር ያዳነው ነገር የለም።

ሌላው፣ አማካሪ የሚሞተው ብር ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሰሚ ሲያጣም ነው። እኛ የመጀመሪያውን አጀንዳ ሁልጊዜ «ባለፈው የመከርነው ምን ሆነ?» አደረግነው። ከገበያ ጀርባ ያለ አንድ የጎርፍ መውረጃ በፌስታልና በጫት ገራባ ተደፍኖ ነበር። ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ፣ አልተጠረገም። ደግሞ ገባ፣ አልተጠረገም። ቀጥሎ «አልተጠረገም» ብለን የሚመለከተውን የኃላፊነት መደብ ጽፈን ለሁሉም አባል ላክነው። ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ራሱ መጣ፤ የተጠረገውን ቦይ በስልኩ ፎቶ አንስቶ። ያለ አበል ኃላፊ የሚያስመጣ ሌላ ዘዴ አላየሁም።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልበል። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አትጥሪ። በሙቀቱና በበርጫው (በጫት መቃሚያው) ሰዓት ሰው ቀረብኝ ብለሽ ብትቀየሚ፣ አቦ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ቴሌግራም ለማሳወቂያ ጥሩ ነው፣ ለመወያያ አይሆንም፤ ሦስት ሰው ይጻጻፋል፣ ሌላው አውራ ጣት ይልካል። የስልክ ዝርዝሩ በወረቀትም ይኑር፤ ዝናብ ሲበረታ መብራቱም ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። አባል ሲቀንስም አትደንግጪ። ሥራ ያላቸው ጥቂቶች ይቆዩ፣ ሌላው ጉዳዩ ሲነካው ይጠራ።

የቀረችውን የፕሮጀክት ገንዘብ በተመለከተ፣ የመዝጊያ ወርክሾፕ ሆቴል ውስጥ እናድርግ ይሉሻል። እምቢ በይ። ቃለ ጉባኤዎቹን ስካን አስደርጊበት፣ የስልክ ዝርዝሩን አሳትሚበት፣ ከተረፈ ለቀጣዩ ዓመት የገጠር አባላት መጓጓዣ አስቀድሞ የሚከፈልበትን መንገድ ጠይቂ። ላፕቶፑና ፕሪንተሩ ደግሞ ለማን እንደሚሄዱ ከመዘጋቱ በፊት በደብዳቤ ይወሰን። ዝም ብሎ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቢሮው ንብረት ክፍል ከገባ፣ በሳምንቱ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ለሌላ ክፍል ይወጣል። የርክክብ ደብዳቤው ላይ የጸሐፊው የሥራ መደብ በስም ይጠቀስ። የእኛን ደብዳቤ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።