«ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ትሸጣለች» ብሎ ስሜን አጠፋው፤ ላሳስረው?

ጥያቄው የመጣው ጅማ መርካቶ ቅቤ ከምትሸጥ እህት ነው። አንድ ሰው ሱቋ ገብቶ ሳያስፈቅድ በስልኩ ቀረጻት። ከዚያ «ይቺ ሴትዮ ቅቤው ላይ ሙዝ ትቀላቅላለች» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ለሠርግ የታዘዛት 20 ኪሎም ተሰረዘ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቪዲዮውን ያውርዱት። የገጹ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፣ ኮመንቶቹን ጭምር። ሰውዬው ነገ ቢያጠፋው ምን ይዘው ይቀርባሉ? ጅማ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛውን ጽሑፍ ማስተርጎምም አይቀርልዎትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና መልካም ስሙን አደጋ ላይ የሚጥል ንግግር ስም ማጥፋት ነው ይላል። «ልጎዳት አስቤ አይደለም» ማለት አያድነውም። እውነት መሆኑን ካስረዳ ግን፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በቀር፣ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅዎ፤ ቅቤውን የሚረከቡት ከማን ነው? አንድ ቀን እንኳ የተቀላቀለ ገብቶብዎት ከነበረ ለጠበቃዎ አሁኑኑ ይንገሩት፣ ችሎት ላይ ከሰማው አለቀልዎት። «ቅቤዋ አልጣመኝም፣ ዋጋዋም አይቀመስም» ቢል ኖሮ ደግሞ መብቱ ነው፤ እኔም ክሱን አልይዝልዎትም ነበር።

ምስልዎ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም። እሱ «የሕዝብ ጉዳይ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፣ ምስልዎ ከገጹ እንዲወርድ መጠየቅዎን ግን አይተዉት።

ማሳሰሩን እኔ አልመክርም። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶታል። በግለሰብ ገጽ ላይ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ሊነሳ ይችላል፣ አቤቱታውም ድርጊቱንና አድራጊውን ባወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ግን ሰው በተናገረው ነገር እስር ቤት ሲገባ አይቶ፣ ነገ እውነተኛ ማጭበርበር ያየ ጎረቤትዎ አፉን ይዘጋል። ያ ደግሞ የጅማን ገበያተኛ ሁሉ ይጎዳል።

የፍትሐ ብሔር ክሱን ይያዙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም፣ ያሳፍራል ግን እንደዚያ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ጉልበትዎን የቀረብዎትን ገቢ ማስረዳት ላይ ያውሉት። የሠርጉን ቅቤ ያዘዘችዎት ሴትዮ ለምን እንደሰረዘች ትመስክር፣ የሽያጭ ደብተርዎም ከቪዲዮው በፊትና በኋላ ያለው ይቅረብ። ክሱን ማቅረቢያው ጊዜ 2 ዓመት ነው።

ከክሱ በፊት ግን በዚያው ገጽ እንዲያስተባብልና ይቅርታ እንዲጠይቅ በጽሑፍ ይጠይቁት፣ አንዱን ኮፒ አስፈርመው ያስቀሩ። ለጠበቃ አቅም ካነሰዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እስከዚያ ግን ቲክቶክ ላይቭ ገብተው «ሌባ» እንዳይሉት፤ ያኔ ከሳሹ እሱ ይሆናል።