ቴክማክስ ላይ ዶክመንት ማወዳደርና መፈለግ፦ የከበዳችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ቴክማክስ ሳወራ የሰርችና የኮምፔር ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ቦታ ላይ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ ብዬ ነው። ለማያውቀው፣ ቴክማክስ ዮሪስ ቫን ደር ሁቨን የጀመረው ነጻ የሳይንስ ጽሑፍ ኤዲተር ነው፣ ፎርሙላውን እየጻፍክ እዛው በሚታተምበት መልኩ ታየዋለህ። ስሙ ቴክንና (የሳይንስ ጽሑፍ ገጽ የሚያቀናብር ፕሮግራም) ኢማክስን (የጽሑፍ ኤዲተር) ያስታውሳል እንጂ የቴክ ሽፋን አይደለም፣ ገጹን የሚያቀናብረው ራሱ ነው። በሉ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከቀላሉ ልጀምር፣ ማኑዋል ላይ ለመፈለግ ኮንትሮል ኤስ ይላል፣ እኔ ጋ ግን ሴቭ ነው የሚያደርገው። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ፕሪፈረንስ ውስጥ ሉክ ኤንድ ፊል የሚል ምርጫ አለ፣ የኪቦርዱን ጠባይ የሚወስነው እሱ ነው። ኢማክስ ላይ ከተደረገ ኮንትሮል ኤስ ወደፊት ይፈልጋል፣ ኮንትሮል አር ወደኋላ። ዊንዶውስ ላይ ከተደረገ ደግሞ ኮንትሮል ኤስ ሴቭ ይሆንና ፍለጋው ኮንትሮል ኤፍ ላይ ነው። ካልያዘልህ ኤዲት ሜኑ ውስጥ ሰርች አለልህ።

ጥያቄ፦ እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነው፣ ኤክስ የሚለው ተለዋዋጭ ምዕራፉን ሞልቶታል፣ ስፈልገው ግን የለም ይለኛል። አይኔ እያየ የለም ይለኛል!

መልስ፦ ሃሃ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ፕሮግራሙ ባግ አለበት ብዬ ተናድጄ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቴክማክስ ሲፈልግ ከርሰርህ ፍለጋውን ስትጀምር የነበረበትን ሞድ (ተራ ጽሑፍ ወይ ሒሳብ) እና ቋንቋ ይይዛል፣ ከዛ ያንኑ ሞድና ያንኑ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያየው። ከርሰርህ ተራ ጽሑፍ ውስጥ ቆሞ ኤክስ ብለህ ከጻፍክ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ያለ የኤክስ ፊደል ነው የሚፈልግልህ፣ ፎርሙላ ውስጥ ያለው ኤክስ ለሱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነ ፎርሙላ ውስጥ ግባ፣ እዛ ቆመህ ፍለጋውን ጀምር፣ ከዛ በሒሳብ ሞድ ያሉትን ብቻ አንድ በአንድ ያመጣልሃል። መጀመሪያ ሲያዩት ያናድዳል፣ ስትለምደው ግን ሌላ ኤዲተር ላይ ይናፍቅሃል፣ ምክንያቱም በላቴክ (ፎርሙላውን በኮድ የምትጽፍበት፣ በቴክ ላይ የተሠራ) ፋይል ላይ ኤክስን በተራ ኤዲተር ብትፈልግ ኤክስ ያለበትን ቃል ሁሉ ሲያግተለትልብህ ነው የምትውለው።

ስለ ቋንቋውም እንዲሁ ነው፣ አንድ አንቀጽ ፈረንሳይኛ ነው ብለህ ምልክት ካደረግክበትና አንተ እንግሊዝኛው ላይ ቆመህ ከፈለግክ እዛ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፎርሙላ ውስጥ ቆሜም ኤ ቢ የሚለውን ብዜት አላገኘውም። ኤን ብቻ ስፈልግ ያመጣል፣ ቢን ብቻ ስፈልግም ያመጣል፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስጽፍ ግን የለም።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዜቱን መጀመሪያ ስትጽፈው ኮከብ ምልክቷን በመሃል ነክተሃል አይደል? ቴክማክስ እዛ ጋ የማይታይ የማባዣ ምልክት ያስቀምጣል። ያለ ኮከብ ኤ ቢ ብለህ ከጻፍክ ግን የሁለት ፊደል ስም ያለው አንድ ነገር ነው ብሎ ነው የሚወስደው፣ ልክ እንደ ሳይንና ሎግ፣ ለዛም ነው ሳይጋደል ቀጥ ብሎ የሚታይህ። ስለዚህ ስትፈልግም ኮከቧን ነክተህ ጻፍ። በአዲሶቹ ቨርዥኖች የመፈለጊያው ሳጥን ራሱ እንደ ትንሽ ዶክመንት ስለሆነ ፎርሙላ ክፍልፋዩን ምኑን ሳይቀር እንዳለ መጻፍ ይቻላል። ፊደል ጽፈህ ታብ እየነካህ ያመጣሃቸው ምልክቶችም ላይ ተጠንቀቅ፣ ተመሳሳይ የሚመስሉ ግን የተለያዩ ናቸው፣ በየትኛው እንደጻፍክ ካላስታወስክ ከዶክመንቱ ኮፒ አድርገህ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፈው።

ጥያቄ፦ ወደ ማወዳደሩ እንግባ ባክህ። ያለፈው ወርና የዛሬው ፋይል አለኝ፣ ምን እንደተቀየረ ማየት ነው የምፈልገው፣ ኮምፔር የሚል ሜኑ ግን እኔ ጋ የለም።

መልስ፦ መጀመሪያ ቨርዥኒንግ ቱል የሚለውን ማብራት አለብህ። እንደ ቨርዥንህ ወይ ፕሪፈረንስ ውስጥ ዩቲሊቲስ የሚለው ጋ ነው ወይ ቱልስ ሜኑ ውስጥ ነው፣ ስታበራው ከላይ ቨርዥን የሚል ሜኑ ይመጣል። ከዛ አዲሱን ፋይል ክፈት፣ አዲሱን ነው ያልኩት፣ ብዙ ሰው አሮጌውን ከፍቶ ይጀምርና ቀለሙ ተገላብጦበት ግራ ይገባዋል። ቨርዥን፣ ኮምፔር፣ ዊዝ ኦልደር ቨርዥን ትልና አሮጌውን ፋይል ትመርጣለህ። በቃ፣ ከርሰሩ መጀመሪያው ልዩነት ላይ ሄዶ ይቆማል። አሮጌው በጠቆር ያለ ቀይ፣ አዲሱ በጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው የሚታይህ። ቨርዥን ሜኑ ውስጥ ሙቭ በሚለው ከአንዱ ልዩነት ወደሌላው ትዘላለህ፣ ሾው በሚለው ደግሞ አሮጌውን ብቻ፣ አዲሱን ብቻ ወይ ሁለቱንም አንድ ላይ ትመርጣለህ። ይሄ ምርጫ ለእያንዳንዱ ልዩነት ለየብቻ ነው የሚሰራው፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከፈለግክ ዶክመንቱን በሙሉ ሴሌክት አድርገህ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ፣ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ጊት (የፋይል ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ላይ አስገብቼ ዲፍ (የተቀየሩትን መስመሮች ዝርዝር) ማየት አልችልም?

መልስ፦ ትችላለህ፣ እኔም ጊት ላይ ነው የማስቀምጠው። ዲፉን ግን ማንበብ መከራ ነው። የቴክማክስ ፋይል ጽሑፍ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ሴቭ ሲያደርግ ረጅሙን አንቀጽ ራሱ በመስመር በመስመር እየቆረጠ ነው የሚጽፈው፣ አንተ አንቀጹ መጀመሪያ ላይ አንዲት ቃል ስትጨምር ከሷ በታች ያለው መስመር ሁሉ አንድ አንድ ቃል ይገፋል፣ ዲፍ ደግሞ የሚያውቀው መስመር ብቻ ስለሆነ አንቀጹ በሙሉ ተቀይሯል ብሎ ቀይና አረንጓዴ ያለብስልሃል። አንድ ኮማ የጨመርክበት ገጽ ላይ ሃያ ቀይ መስመር ስታይ ልብህ ነው የሚወርደው። የቴክማክስ ኮምፔር ግን መስመር አያይም፣ ዶክመንቱን እንደ ዛፍ ነው የሚያየው፣ ቲዎረም ውስጥ አንቀጽ አለ፣ አንቀጹ ውስጥ ፎርሙላ አለ፣ ፎርሙላው ውስጥ ክፍልፋይ አለ፣ ክፍልፋዩ ላይኛውና ታችኛው አለው፣ ልዩነቱን እዛ ድረስ ወርዶ ነው የሚፈልገው። ከታች ያለው ቁጥር ብቻ ከተቀየረ ቁጥሯን ብቻ ያቀልምልሃል። ቅድም ያወራነው የፍለጋ ነገርም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይመስላል እንጂ ውስጡ ዛፍ ነው።

ስለዚህ ጊት ለታሪክ፣ ኮምፔር ለንባብ። አሮጌውን ከጊት አውጥተህ በሌላ ስም አስቀምጠውና ቴክማክስ ውስጥ አወዳድር።

ጥያቄ፦ ዛፉ ጥሩ ነው ግን አንዳንዴ በጣም ይበታትነዋል። የስራ ባልደረባዬ አንድ አንቀጽ እንደገና ጽፋው ነበር፣ ኮምፔር ሳደርገው ቃል በቃል ቀይ አረንጓዴ ቀይ አረንጓዴ ሆኖ ሊነበብ አልቻለም።

መልስ፦ ግሬይን የሚለው ለዚህ ነው። ሳትነካው ዲቴይልድ ላይ ነው፣ ማለት ቻለ ብሎ እስከመጨረሻው ይወርዳል። ብሎክ ካደረግሽው በአንቀጽ ደረጃ ያወዳድራል፣ ራፍ ካልሽው ደግሞ ይሄ አሮጌው ይሄ አዲሱ ብሎ ክምር አድርጎ ያስቀምጥልሻል። ደስ የሚለው የተበታተነውን አንቀጽ ብቻ ሴሌክት አድርገሽ የሱን ግሬይን መቀየር ትችያለሽ፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል። ከልምዴ ስነግርሽ እርማት ከሆነ ዲቴይልድ፣ እንደገና የተጻፈ ከሆነ ብሎክ።

ጥያቄ፦ አንቀጽ ከምዕራፍ 2 ወደ ምዕራፍ 4 ባዛውርስ ያውቃል?

መልስ፦ አያውቅም። እዚህ ጠፋ፣ እዛ ተጨመረ ነው የሚልህ። ስለዚህ የምታዛውርበትንና የምታርምበትን ቀን ለየው፣ አዛውረህ አንድ ኮፒ አስቀምጥ፣ ከዛ ወደ እርማቱ ግባ።

ጥያቄ፦ የሌላ ሰው ለውጥ አይቼ ይሄን ተቀብያለሁ ይሄን አልተቀበልኩም ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፣ ሪቴይን የሚለው ነው። ልዩነቱ ላይ ቆመህ አሮጌውን፣ አዲሱን ወይ አሁን የሚታየውን አስቀር ትለዋለህ፣ ቀለሙ ይጠፋና ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ሁለቱም ልክ ካልሆኑና ማረም ከፈለግክ መጀመሪያ ሁለቱንም አሳይተህ እዛው አርመው፣ ከዛ ነው ሪቴይን የምትለው። ብዙ ለውጥ ካለና ሰውየውን ብዙም ካላመንከው (ይቅርታ) ዶክመንቱን በሙሉ ሴሌክት አድርገህ አሮጌውን አሳይ በለው፣ ከዛ እየዞርክ የወደድከውን ብቻ ወደ አዲሱ ቀይር፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ሁሉንም ሴሌክት አድርገህ የሚታየውን አስቀር። ከምታምነው ሰው ጋ ከሆነ በተቃራኒው።

ጥያቄ፦ አደጋ ደረሰብኝ። እያወዳደርኩ ሴቭ አደረግኩት፣ አሁን ፋይሉ ስከፍተው ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ አይዞህ፣ ምንም አልጠፋም። የማወዳደሪያው ምልክት የዶክመንቱ አካል ሆኖ ስለሚገባ ሴቭ ስታደርግ አብሮ ይቀመጣል። ሁሉንም ሴሌክት አድርገህ ሪቴይን ኒው ቨርዥን በል፣ ይጸዳል። ስሙም እንዳያታልልህ፣ ስታወዳድር መስኮቱ ላይ የሚታየው የአዲሱ ፋይል ስም ራሱ ነው፣ ሴቭ ካልክ እሱ ላይ ነው የሚጽፈው። እኔ እንዲህ አድርጌ ሳላይ ለሌላ ሰው ልኬ ስለማውቅ አሁን መጀመሪያ ኮፒ ሳላደርግ አላወዳድርም።

ጥያቄ፦ የጆርናሉ ገምጋሚዎች ለውጡ የተቀለመበት ፒዲኤፍ ላክ ብለውኛል።

መልስ፦ አወዳድር፣ ሁሉንም ሴሌክት አድርገህ ሁለቱንም አሳይ፣ ፒዲኤፍ ኤክስፖርት አድርግ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀለም ነው የሚወጣው። አሮጌው ጽሑፍ ገጹን አበዛብኝ ካልክ አዲሱን ብቻ አሳይተህ አውጣው፣ አረንጓዴውን ያያሉ፣ የተሰረዘውን ግን አያዩትም፣ እሱን በደብዳቤው ላይ ግለጽላቸው።

ጥያቄ፦ ሊክስ የሚባለው ሌላው የሳይንስ ጽሑፍ ኤዲተር አይሻልም ግን?

መልስ፦ ጠብ አታስነሳብን። ሊክስን ማቲያስ ኤትሪክ ነው በ1995 የጀመረው፣ በኋላ ኬዲኢን (የሊኑክስ ዴስክቶፕ) የጀመረው ሰውዬ ማለት ነው። በ2011 የወጣው 2.0 ላይ ኮምፔርም አድቫንስድ ፋይንድም ገብተውለታል። የሱ ኮምፔር አሮጌና አዲስ ፋይል ይጠይቅህና ሶስተኛ አዲስ ዶክመንት ይከፍትልሃል፣ ልዩነቶቹ እዛ ላይ በቼንጅ ትራኪንግ (በለውጥ መከታተያው) ተመዝግበው ነው የሚመጡት፣ ከዛ ተቀበል አትቀበል ትላለህ። ኦሪጅናሎቹን ስለማይነካ የቅድሙ ወንድማችን አደጋ እሱ ላይ አይደርስም፣ በዚህ ሊክስ ይበልጣል፣ አልክድም። ፍለጋውም ኮንትሮል ሺፍት ኤፍ ስትለው ፎርሙላ ጽፈህ መፈለግ ትችላለህ፣ በዋናው ዶክመንትና በስሩ ባሉት ፋይሎች ሁሉ ውስጥ ፈልግ ማለትም ይቻላል። ግን ሊክስ ላይ የምታየው የመጨረሻውን ገጽ አይደለም፣ ላቴክ አስኬደህ ነው የምታየው፣ እኔን ቴክማክስ ላይ ያቆየኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ የቴክማክስ ፋይል አለኝ፣ በአማርኛ የጻፍኩትን ማስታወሻ ተርሚናል ላይ በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ በሚፈልገው ትዕዛዝ) ስፈልግ አንድም አያመጣም፣ ፋይሉን ስከፍተው ግን አለ።

መልስ፦ ፋይሉን በተራ ኤዲተር ክፈተውና እይ፣ ፊደሉ እዛ የለም። ቴክማክስ ከላቲን ውጭ ያሉትን ፊደሎች ፋይሉ ውስጥ በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው የሚጽፋቸው፣ ሀ ለምሳሌ <#1200> ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ግሬፕ ላይ ቁጥሩን ካልጻፍክለት ከየት ያመጣዋል። ቴክማክስ ውስጥ ሆነህ ፈልግ። ደግሞ እዛም ቢሆን ሰላም በሰ ጽፈህ በሠ ከፈለግክ አያገኝልህም፣ ሀና ሐ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን መርጠህ ጽና፣ አለዛ ሁለቴ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ሪፕሌስ ላይ ሁሉንም ባንዴ ልቀይር ወይስ አንድ በአንድ?

መልስ፦ አንድ በአንድ። በተለይ ፎርሙላ ውስጥ ከሆነ።

ጥያቄ፦ ሥዕል ተቀይሮ ኮምፔር ምንም ልዩነት የለም አለኝ፣ ለምን?

መልስ፦ ሥዕሉን በሊንክ ነው ያስገባኸው ማለት ነው። ዶክመንቱ ውስጥ ያለው የፋይሉ ስም ብቻ ነው፣ ስሙ ካልተቀየረ ለኮምፔር ምንም አልተቀየረም። በኢንክሉድ (ከሌላ ፋይል ተጠርተው) የገቡ ምዕራፎችም እንደዛው ናቸው፣ ዋናውን ፋይል ብታወዳድር የነሱን ውስጥ አያይልህም፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ከፍተህ ነው። ለሥዕሎቹ እኔ የማደርገው ስሙ ላይ ቀን እጨምርበታለሁ፣ ሥዕሉ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል፣ ኮምፔርም ያየዋል።