የካርቦን ልኬት እንደ ሙያ፦ ከአፈሩ ይጀምሩ

ውድ ጠያቂያችን፤

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ የመመረቂያ ጥናትዎን በካርቦን ክምችት ላይ ለመሥራት እንዳሰቡ፣ ጓደኞችዎ ግን ሙያው ከችግኝ ቆጠራ ስለማያልፍ የሳተላይት ምስል ትንተና ቢማሩ እንደሚሻል እንደመከሩዎት ጽፈውልናል። ትንተናው ይጠቅማል፤ ይማሩት። ሆኖም ሳተላይት የሚያየው የዛፉን አናት ነው። በዓለም ላይ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ኦርጋኒክ ካርቦን እንደያዘ ይገመታል፤ ይህም በከባቢ አየር ካለው ይበልጣልና አፈር መለካት የሚችል ባለሙያ ሁልጊዜም ተፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ካርቦን በመሳብና በማከማቸት መካከል ያለውን ልዩነት አጥርተው ይያዙ። ዕፅዋት በቅጠላቸው የሚስቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ግማሽ ያህሉን ግን ለራሳቸው ኑሮ ሲጠቀሙበት በአተነፋፈስ መልሰው ይለቁታል። ቀሪው ግንድ፣ ሥርና ቅጠል ይሆናል። የረገፈውን ቅጠል ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያበሰብሱት አብዛኛው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል፤ ጥቂቱ ከሸክላ አፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ለአሥርተ ዓመታት፣ አንዳንዴም ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ብቻ ብዙ አከማችቷል አይባልም፤ በጥቂት ዓመታት ተቆርጦ ማገዶ ከሆነ የሳበውን ይመልሳል። ይህን በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አጥርቶ የሚያስረዳ ተመራቂ ብዙ አይደለም።

በዘጌ ደን ቢሠሩ ትልልቁን ዛፍ በ1.3 ሜትር ከፍታ፣ ከታች የሚከፋፈለውን ቡና ደግሞ በ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለክተው፣ ደረቅ ክብደቱን በቀመር ገምተው ከደረቅ ክብደቱ ካርቦን የሆነው ድርሻ ተብሎ በሚወሰደው በ0.47 ሲያባዙት ካርቦኑን ያገኛሉ። አፈሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካርቦኑ 2 በመቶ የሆነና በኩብ ሳንቲ ሜትር 1.2 ግራም የሚመዝን ደረቅ አፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 72 ቶን ካርቦን ይይዛል፤ የናሙና ቀለበቱ (ይዘቱ የታወቀ፣ አፈር የሚወሰድበት ብረት) በደንብ ሳይሞላ ቀርቶ 1.0 ግራም ተብሎ ቢመዘገብ ውጤቱ 60 ቶን ይሆናል። በአንድ ቀለበት ምክንያት በየሄክታሩ 12 ቶን ከሒሳቡ ይጎድላል።

ለጥናትዎ ግን ከዘጌ ይልቅ የጣና ዳር የደንገል ረግረግ ብመርጥልዎ እወዳለሁ። ውኃ በተኛበት አፈር ኦክስጅን ስለሚያንስ ብስባሹ ቀስ ብሎ ይፈርሳል፣ ካርቦንም ይጠራቀማል፤ በአንጻሩ ሜቴን የተባለው ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል። ረግረጉ ደርቆ ሲታረስ አየር ስለሚገባው የተጠራቀመው ካርቦን መውጣት ይጀምራል። ደንገል ያለበትንና አጠገቡ ወደ እርሻ የተለወጠውን መሬት በእኩል ጥልቀት ማወዳደር ለመጀመሪያ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ፣ ለሐይቁም የሚያስፈልግ ጥያቄ ነው። ሜቴን ለመለካት ሌላ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ይተዉት፤ መተውዎንም በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ያስፍሩ።

የችግኙን ነገር በተመለከተ የወላይታውን የሁምቦ ፕሮጀክት ለጓደኞችዎ ይንገሯቸው። ተራቁቶ የነበረ 2,700 ሄክታር ገደማ መሬት ከንክኪ ተጠብቆ፣ ከቆዩ ጉቶዎች ያቆጠቆጠው እየተገረዘ በማገገሙ ለአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት የካርቦን ገቢ፣ ማለትም ዛፎቹ ለሳቡት ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ፣ አስገኝቷል። ገቢው የሚለቀቀው ዕድገቱ ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው፤ የእርስዎ ሙያም እዚያ ላይ ነው።

ቦታ ከመምረጥዎ በፊት የአፈር ላቦራቶሪውን ሠራተኞች አነጋግረው ስንት ናሙና መቀበል እንደሚችሉ ይጠይቁ። ሥራ ሲያመለክቱም ከውጤት ማስረጃዎ ጋር የመስክ መዝገብዎንና የሒሳብ ሠንጠረዥዎን አያይዘው ያቅርቡ።